መዝጊያው ተዘግቶ ሌሊቱን ቤንዚን የሚያፈስ፣ ጠዋት ያለ ቾክ የማይሠራ የቆየ 125 ሞተር፦ ከየት ልጀምር?

ዳገት ወጪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ 125 ሲሲ ነው። ካርቡሬተሩ ስላይዱ (የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ተንሸራታች) በገመድ በቀጥታ የሚሳብ የቆየው ዓይነት ነው። የነዳጅ መዝጊያውም በእጅ የሚዞር፣ ክፍት፣ ዝግና ሪዘርቭ ብቻ ያለው ነው። ችግሩ አንድ ብቻ አይመስለኝም፤ ያየሁትን በተራ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ መዝጊያውን ዘግቼ በጎን መቆሚያው ካደረ ከካርቡሬተሩ ሥር በሚወርደው ቀጭን ቱቦ ቤንዚን ይንጠባጠባል። ሥሩ የተቀመጠው ቆርቆሮ እስከ ጠዋት 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። መዝጊያው ክፍት ሆኖ ሞተሩ ሳይነሳ ከቆየማ ጠብታው ወደ ቀጭን ፍሰት ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ ጠዋት በቾክ ይነሳል፤ ቾኩን ስመልሰው ግን ይጠፋል። ከሞቀ በኋላም በሚኒሞ (እጀታው ሳይነካ በዝቅተኛ ዙር) አይቆምም። ነዳጅ ስሰጠው መጀመሪያ ይታፈንና ከዚያ በድንገት ይፈተለካል፤ እጀታውን ስለቀው ደግሞ ዙሩ ቶሎ አይወርድም።

ሦስተኛ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በፍጥነት ከሄደ በኋላ ቤንዚን እንዳለቀበት ሁሉ እየደከመ ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ቆሞ ሲነሳ ምንም እንዳልነበረ ይሄዳል።

ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ለብሷል። ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው፦ ቤንዚን በዝቶበት ከሆነ ለምን ቾክ ይፈልጋል? አንሶት ከሆነስ ለምን ይፈስሳል? የተንሳፋፊውን መርፌ (የካርቡሬተሩ ኩባያ ሲሞላ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋውን) ብቻ ብቀይር ይበቃል? የሚኒሞና የአየር ብሎኖቹን እስካሁን አልነካሁም።


ካሊብሮ፦

ብሎኖቹን አለመንካትህ ትልቅ ነገር ነው፤ እስከ መጨረሻው አትንካቸው። አሁን ደግሞ ሞተሩን አታስነሳው። መጀመሪያ ዘይቱን እይ።

ከኩባያው የሚተርፈው ቤንዚን ሁሉ በቱቦው አይወጣም። ከፊሉ በስላይዱ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይገባና በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ቀለበቶች) ክፍተት ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን አውጥተህ አሽትት፤ የዘይቱ ከፍታም ከላይኛው ምልክት ማለፉን ተመልከት። ከጣትህ ላይ እንደ ውሃ ቶሎ የሚንጠባጠብ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ዘይት የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ኩሽኔታዎችና የካሙን ጥርሶች አይጠብቅም። ሙሉ በሙሉ አፍስሰህ አዲስ ሙላ። ኪኩን ስትረግጥ ከወትሮው ከጠጠረብህ ደግሞ በኃይል አትርገጥ፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ካለ አይጨመቅም፣ የሚጎብጠው ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ዘንግ) ነው። ካንዴላውን ፍታ፣ የካንዴላውን ገመድ ከቀዳዳው አርቀህ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝ፣ ቁልፉን አጥፋና ቀስ እያልክ አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ። ከቀዳዳው የሚረጨው ቤንዚን ነውና ፊትህን አታስጠጋ።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል። ስለዚህ በር በተከፈተበት ወይም ደጅ ሥራ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል፣ ማርሚታውም ቀዝቃዛ ይሁን።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መርፌውን ብቻ መቀየር አይበቃህም፤ ማስረጃውን ራስህ ጽፈኸዋል። የ125 ካርቡሬተር ኩባያ የሚይዘው ቤንዚን ከ150 ሚሊ ሊትር እጅግ ያነሰ ነው። መዝጊያው ተዘግቶ ይህን ያህል ከወጣ፣ የወጣው ከታንኩ እየተተካ ነው። ይህ የሚሆነው ሁለት በሮች አንድ ላይ ሲያፈስሱ ነው፦ አንዱ መዝጊያው፣ ሌላው መርፌው ወይም ከመርፌው በታች ያለ ነገር። አንዱን ብቻ ብትጠግን ጠብታው ይቆም ይሆናል፤ ግን ሁለተኛው በር ክፍቱን ይቀራል፣ ቀኑን ጠብቆም ይመጣብሃል።

መዝጊያውን ለብቻው ፈትነው። የነዳጁን ቱቦ ከካርቡሬተሩ በኩል ንቀልና ጫፉን ደረቅ ማሰሮ ውስጥ አስገባ፣ መዝጊያውን ዝጋ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። አንድ ጠብታ እንኳ መውረድ የለበትም። ከዚያ ክፈተውና ለአንድ ደቂቃ ለካ። ለ125 ሞተር በደቂቃ 150 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ፣ ሳይቆራረጥ ቢወርድ በቂ ነው። እየቀጠነ ከሄደ ግን ከላይ የሚያንቅ ነገር አለ። ሪዘርቩንም እንዲሁ ፈትን።

ካፈሰሰ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ያሉት ከሆነ ይጠገናል፦ ታንኩን ባዶ አድርገህ ፍታው፤ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክብ ጎማና ሞገድ መሳይ የስፕሪንግ ቀለበት ታገኛለህ። ጎማው ደርቆ ጠርዙ ስለሚበላ ነው የሚያፈስሰው። ጎማውን ቀይር፣ ጎማው የሚያርፍበትን የብረት ፊት ጥሩ ብርሃን ላይ አይተህ ጭረት ካለው በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አስደግፈህ አስተካክል። በሪቬት የተዘጋ ዓይነት ከሆነ ሙሉውን መቀየር ነው፤ መክፈት አይሞከርም።


ሰባት ቁልፍ፦

የመርፌውን ነገር ልጨምርበት። ካርቡሬተሩን ከማውረድዎ በፊት የቤንዚኑን ከፍታ እንዳለ ይለኩት፤ ካወረዱት በኋላ ይህ መረጃ አይገኝም።

ከኩባያው ሥር ካለው መውረጃ አፍ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቱቦ ይሰኩ። ቱቦውን ወደ ላይ አጥፈው ከካርቡሬተሩ ጎን ያስጠጉት። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ በጎን መቆሚያው አይጋደም፤ በተጋደመ ሞተር የተለካ ከፍታ ያሳስታል። መዝጊያውን ይክፈቱና የማፍሰሻ ብሎኑን አንድ ዙር ያህል ይፍቱ። ቱቦው ውስጥ የሚቆመው ቤንዚን ኩባያው ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ካርቡሬተሮች ከኩባያውና ከአካሉ መጋጠሚያ መስመር ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ነው የተሠሩት፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሞተርዎ መመሪያ ይሰጥዎታል። መስመሩን አልፎ የሚወጣና የማይቆም ከሆነ መርፌው አልዘጋም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ይዩ፦ የማፍሰሻ ብሎኑን ገና ሳይፈቱት ቱቦው ውስጥ ቤንዚን ከገባ ይጻፉልን። ለብቻው የሚያመለክተው ነገር አለ።

ከወረደ በኋላ ኩባያውን የያዙት ብሎኖች ለስላሳ ስለሆኑ በመዳፍዎ ጫን ብለው በልኩ ካቻቢቴ ይፍቱ። የጃፓን ካርቡሬተሮች መስቀለኛ ብሎን ከተለመደው ፊሊፕስ ጥቂት ይለያል፤ ሹል አፍ ያለው ካቻቢቴ አናቱን ይበላዋል። እንቢ ካለ ካቻቢቴውን በቦታው አድርገው በመዶሻ አንድ ሁለቴ መታ መታ ያድርጉት፣ ይላቀቃል።

የተንሳፋፊውን ዘንግ ከየት በኩል እንደገባ ሳያዩ አይግፉት፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጫፉ ወፈር ይላል፣ በተሳሳተ በኩል ሲመታ የሚሰበረው የአሉሚኒየም እግሩ ነው። መርፌውን ሲያወጡ ጫፉን ወደ ብርሃን ያዙሩት። ጤነኛ የጎማ ጫፍ እንደ እርሳስ ጫፍ የለሰለሰ ሾጣጣ ነው። ያረጀው ላይ መቀመጫው ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ቀጭን ቀለበት ቆርጦ ይታያል፤ ጥፍር ሲያሳልፉበት ይይዛል። ሌላኛውን ጫፍም ይጫኑት፦ ውስጡ ያለው ትንሽ ስፕሪንግ ገብቶ ካልተመለሰ መርፌው በእያንዳንዱ ንዝረት ይፈናጠራል። መቀመጫውን በጥጥና በብረት መወልወያ ቅባት ያብሱት፣ ብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አያስገቡበት። መቀመጫው በብሎን የሚፈታ ከሆነ ሥሩ ያለውን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ወይም ሮንዴላ አብረው ይቀይሩ። መርፌው አዲስ ሆኖ እያለ በዚያ ደረቅ ኦሪንግ ዙሪያ ቤንዚን ሾልኮ ሰው መርፌውን ሦስቴ ሲቀይር ይታያል።

ተንሳፋፊውን ጆሮዎ ጋር አድርገው ያንቀጥቅጡት፤ ውስጡ የሚንቦጫቦጭ ካለ ተቀዷል። የናስ ከሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። መጀመሪያ ግን ቤንዚኑ ከላዩ ይድረቅ፣ እሳትም አጠገቡ አይኑር።

ከፍታውን ሲያስተካክሉ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ነገር አለ። ካርቡሬተሩን ገልብጠው ዘንበል አድርገው ይይዙታል፤ የተንሳፋፊው ምላስ የመርፌውን ስፕሪንግ ሳይጫን ልክ ሲነካው፣ ከጋስኬቱ ፊት እስከ ተንሳፋፊው ጫፍ በካሊብሮ (በሚሊ ሜትር መለኪያው መሣሪያ) ይለካሉ። ጋስኬቱ ተነሥቶ ነው የሚለካው። መመሪያው 20 ሚሊ ሜትር ካለና እርስዎ 18 ካገኙ፣ ቤንዚኑ ከፍ ብሏል ማለት ነው እንጂ ዝቅ አላለም። ቁጥሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይጨምራል፤ ምክንያቱም መርፌው የሚዘጋው ዘግይቶ ነው። የሚታጠፈው ትንሿ የብረት ምላስ ናት፣ እሷም በአንድ ጊዜ በጣም በጥቂቱ።

ገጥመው ሳይጨርሱ የመጨረሻ ፈተና፦ ገልብጠው በነዳጁ መግቢያ በአፍዎ በቀስታ ይንፉ። አየር ማለፍ የለበትም። ቀጥ ሲያደርጉት ይለፍ።


ፈጣን እጅ፦

ለጊዜው ካስቸገረ በኩባያው መጋጠሚያ ዙሪያ ማስቲሽ ቢቀባ ይይዛል። ጠዋት ያለ ቾክ አለመነሳቱ ደግሞ ቤንዚን ስላነሰው ነው፤ ዋናውን ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ የናስ ብሎን) አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው።


ካንዴላ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም ይጎዱታል፤ ምክንያቱን ልናገር።

ተራው ሲሊኮን ማስቲሽ ቤንዚን አይችልም፤ ያብጣል፣ ይላላል፣ ቁርጥራጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ጄት ይደፍናል። ደግሞም የእሱ ቤንዚን የሚወጣው በመጋጠሚያው ሳይሆን በትርፍ መውረጃው ቱቦ ነው፤ መጋጠሚያውን ብናሽገው ምንም አይለወጥም።

ጄቱን በተመለከተ፣ ዋናው ጄት ሥራው የሚጎላው እጀታው ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ነው። ከተዘጋ እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ የሚያስተዳድረው ትንሹ የሚኒሞ ጄት ከአየር ብሎኑ ጋር ነው፤ እስከ ሩብ ድረስ የስላይዱ የተቆረጠ ጠርዝ ይገባበታል፤ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ በስላይዱ ላይ የተንጠለጠለው ረጅም መርፌ ነው። ቾክ ሲመለስ የሚጠፋ፣ ሚኒሞ የማይዝ፣ ሲነካ የሚታፈን ሞተር ታሪኩ የትንሹ ጄት ነው። ዋናውን ብናሳድገው መሃልና መጨረሻ ላይ ይታፈናል እንጂ ሚኒሞው አይመለስም።

ጥቁሩ ካንዴላ እንዴት ከዚህ ጋር ይሄዳል? ካንዴላ የአንድን ሰዓት ብቻ አይናገርም፣ የጉዞውን ሁሉ ድምር ነው የሚያሳየው። በሚኒሞ ቤንዚን ያንሰዋል፤ በዚህ የተነሳ ቾክ ስቦ ረጅም ይሄዳል፤ ኩባያው ደግሞ ሞልቶ ስለሚተርፍ መሃል ላይ ያለ ልክ ይጠጣል። የደፈነው ትንሹ ቀዳዳ ነው፣ የተትረፈረፈው ትልቁ። ሁለቱ አይጣሉም።

ትንሹን ጄት ፈትተህ ወደ ሰማይ አድርገህ እይበት። ፍጹም ክብ የብርሃን ነጥብ ካልታየህ ተደፍኗል። በካርቡሬተር ማጠቢያ ነክረህ አሳድረው፣ በናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም ከኤሌክትሪክ ገመድ በወጣ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር አሳልፈህ በአየር ንፋው። የብረት ሽቦ አይገባበትም፤ ናሱ ለስላሳ ነው፣ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ እንኳ የጄቱ ቁጥር ተለወጠ ማለት ነው። በጎኑ ያሉትን ደቃቅ ቀዳዳዎችም አትርሳ፤ አየርና ቤንዚን የሚቀላቀሉት በእነሱ ነው። አየር ከመንፋትህ በፊት ጎማ የሆነውን ሁሉ አውጣ፣ ዓይንህንም ሸፍን።

እጀታው ሲለቀቅ ዙሩ ቶሎ አለመውረዱ ሌላ ነገር ይነግረኛል፦ ከካርቡሬተሩ ወዲያ ያልተለካ አየር እየገባ ነው። ካርቡሬተሩን ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) ጋር የሚያያይዘውን ጎማ እይ። ከላይ ደህና ይመስላል፤ በእጅህ ስታጥፈው ግን ከሽንሽኑ ሥር ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። በሞተሩ ላይ እያለ ለመፈተን በሚኒሞ ወይም በትንሽ ዙር እየሠራ ጎማው ላይ ውሃ በስፕሬይ እርጭ፤ ዙሩ ለቅጽበት ከተለወጠ ቦታውን አገኘኸው። ይህን በሚቀጣጠል ማጠቢያ የሚሠሩ አሉ። ቤንዚን በሚያፈስ ሞተር ላይ፣ የጋለ ማርሚታ አጠገብ፣ አላደርገውም፤ ውሃው ይበቃል።


ዝገት ጠል፦

15 ኪሎ ሜትር ሄዶ መጥፋቱን ማንም አላነሳውም። አምስት ደቂቃ ቆሞ መዳኑ የታንኩን ክዳን ያስጠረጥራል። ቤንዚን ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ በክዳኑ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ የአየር እጥረት (ቫክዩም) ይፈጠርና ቤንዚኑን ይዞ ያስቀረዋል። ሲቆም ቀስ ብሎ አየር ይገባል፣ ይድናል። በሚቀጥለው ጊዜ ልክ ሲጠፋ ክዳኑን ክፈት፤ ሽው ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካልሳበ፣ መዝጊያው ላይ ያለውን ወንፊትና በመሃል የተጨመረ ፊልትሮ ካለ እሱን እይ። በራሱ ክብደት ብቻ ለሚወርድ ቤንዚን ጠጠር ያለ የወረቀት ፊልትሮ ይከብደዋል፤ ወንፊት ያለው ይሻላል።

ታንኩ ውስጥም መብራት አስገብተህ እይ፤ የባትሪ መብራት እንጂ ክብሪት እንዳይሆን አደራ። የኩባያው ወለል ላይ ቀይ የሸክላ ብናኝ የመሰለ ዝቃጭ ካገኘህ ዝገት ነው፤ አዲሱን መርፌህንም በሳምንት ውስጥ ያንኑ ያደርገዋል። ዝገቱ ቀላል ከሆነ ታንኩን ባዶ አድርገህ መዝጊያውን አውልቀህ ቀዳዳውን በቡሽ ድፈን፣ ሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ በጥብጠህ ሙላው፤ 50 ግራም ለአንድ ሊትር ይበቃል። አሳድረው፣ አፍስስ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥበህ አሲዱን ግደል፣ ወዲያው አድርቅ። እርጥብ ሆኖ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል፤ ደርቆ እንዳለቀ ጥቂት ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን አንቦጫቡጭበት።


ዳገት ወጪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በተራ ሠርቼ ተመልሻለሁ።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት 1 ሴንቲ ሜትር አልፏል፣ ይሸታል። ተደፍቶ አዲስ ገብቷል። መዝጊያው ተዘግቶም ጠብታ ያወርድ ነበር፤ ጎማው ተቀይሮ ግማሽ ሰዓት አንድም አልወረደም። ሲከፈት በደቂቃ 220 ሚሊ ሊትር። ክዳኑ ሲከፈት አየር ሳበ፤ ቀዳዳው ጸድቶ 30 ኪሎ ሜትር ሳይጠፋ ሄዷል። ትንሹ ጄት ብርሃን አያሳይም ነበር። ካርቡሬተሩን ከቴስታታው የሚያያይዘው ጎማ ከሥር ተሰንጥቆ ተገኝቷል፣ ተቀይሯል። መርፌው ላይ ጥፍር የሚይዝ ቀለበት ነበረበት፤ ከነኦሪንጉ ተቀየረ። ታንኩ ላይ ዝገት በጣም ጥቂት ነው፣ ታጥቧል።

በብርሃን አሳላፊው ቱቦ መጀመሪያ ስለካ ቤንዚኑ ከመጋጠሚያው 6 ሚሊ ሜትር በላይ ወጥቶ አልቆምም አለ። አሁን 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን በሁለቱም ጊዜ የማፍሰሻ ብሎኑን ሳልፈታው ቱቦው ውስጥ ቤንዚን ገብቷል። ቱቦው ወደ ታች ሲለቀቅ ደግሞ መዝጊያው ክፍት እስከሆነ ድረስ በየ20 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ይወርዳል።


ሰባት ቁልፍ፦

የጠየቅሁዎት ለዚህ ነበር። ከፍታው ልክ ሆኖ፣ ብሎኑ ሳይፈታ ቱቦው ውስጥ ቤንዚን ከገባ፣ ወይ የማፍሰሻው ብሎን አይዘጋም ወይ ኩባያው መሃል የቆመችው ቀጭን የናስ ቧንቧ ተሰንጥቃለች። ያቺ ቧንቧ ጫፏ ከቤንዚኑ በላይ ነው፤ ሥራዋ ትርፍ ሲኖር ብቻ ማውረድ ነው። ዕድሜ ሲጫናት፣ በተለይ ውሃ ያዘለ ቤንዚን ረጅም ጊዜ ተኝቶባት ከሆነ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታወጣለች። በባዶ ዓይን አይታይም።

ኩባያውን ለብቻው አውጥተው አጥበው ያድርቁ። የማፍሰሻ ብሎኑን ያጥብቁ፤ ኦሪንግ ካለው ይቀይሩት። ኩባያውን ከደረቅ ወረቀት በላይ ደልድለው ያስቀምጡና ከቧንቧዋ ጫፍ ጥቂት ዝቅ እስኪል ድረስ ቤንዚን ይሙሉበት። ወረቀቱ ከረጠበ ቀጥሎ እስከ ግማሽ፣ ከዚያም እስከ ሩብ ብቻ ሞልተው ይድገሙ። ከፍታው ሲቀንስ ጠብታው የሚቆምበት ነጥብ የስንጥቁ የታችኛው ጫፍ ነው። እስከ ወለሉ ቢወርድም ጠብታው ካልቆመ፣ የሚያፈስሰው ቧንቧዋ ከአሉሚኒየሙ የገባችበት ሥሯ ወይም የማፍሰሻው ብሎን ነው።

ስንጥቁ ከቧንቧዋ አካል ላይ ከሆነ በሊድ (በካውያ በሚቀልጠው የብየዳ ሽቦ) ይደፈናል። ኩባያው ፈጽሞ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀን ሙሉ አየር ላይ ውሎ መሆን አለበት፤ የቤንዚን ሽታ እያለው ካውያ አይቅረበው። ናሱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ያጽዱ፣ ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳውን ፍላክስ ይቀቡ፣ በካውያ አሙቀው ቀጭን ሊድ ያልብሱ። ቀዳዳዋ እንዳይደፈን ውስጧ ሊድ የማይዘውን የመጻፊያ እርሳስ ጥቁር ውስጠኛ ዘንግ ማስገባት ይረዳል። ሥሯ ላይ ከሆነ ግን ኩባያውን መቀየር ነው የሚሻለው፤ አሉሚኒየም ተራ ሊድ አይቀበልም፣ ማጣበቂያውም ቤንዚን ውስጥ ዕድሜ የለውም።

ቧንቧዋን ከላይ ደፍኖ መገላገል የሚፈልግ ሰው ይኖራል። እባክዎን አያድርጉት። መርፌው አንድ ቀን አሸዋ ይዞ ክፍት ቢቀር፣ ቤንዚኑ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ስለሌለው የሚሄደው ወደ ሲሊንደሩ ነው።


ዳገት ወጪ፦

ስንጥቁ ከግማሽ በላይ ነበር። ተበይዶ ሌሊቱን ደረቅ አድሯል። አሁን የቀረው የአየር ብሎኑ ነው፤ ከስላይዱ ወዲህ፣ በአየር ፊልትሮው በኩል ያለው ነው። ያለ ቾክ ይቆማል፣ ግን ሚኒሞው ትንሽ ይወዛወዛል።


ካንዴላ፦

በፊልትሮው በኩል ካለ አየር ነው የሚቆጣጠረው፤ ወደ ውስጥ ስታስገባው ቤንዚኑ ይበዛል፣ ስታወጣው ያንሳል። ከስላይዱ ወዲያ በቴስታታው በኩል ያለው ዓይነት ተቃራኒው ነው፤ ሌላ ሰው ይህን ሲያነብ እንዳያምታታው።

አሥር ደቂቃ አሙቀው። ብሎኑን በሁለት ጣት እስኪነካ ብቻ አስገባ፤ ካጠበቅኸው ጫፉ መቀመጫውን ይቆርጣል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል አውጣ። በሚኒሞ ብሎኑ ዙሩን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርግና የአየሩን ብሎን ሩብ ሩብ እያዞርክ ዙሩ በጣም የሚጨምርበትንና ድምፁ የሚስተካከልበትን ፈልግ፤ ከእያንዳንዱ ሩብ በኋላ አሥር ሰከንድ ጠብቅ። ሲገኝ ሚኒሞውን ወደ መመሪያው ቁጥር መልሰው፤ ለአብዛኞቹ የዚህ መጠን ሞተሮች 1400 አካባቢ ነው። ዙር መቁጠሪያ ከሌለህ መብራቱ ሳይወዛወዝ የሚቆምበት ይበቃል።

የተሻለው ቦታ ከግማሽ ዙር በታች ከሆነ ትንሹ ጄት ቁጥሩ አንሷል ወይም ገና አልጸዳም። ከሁለት ተኩል በላይ ከሆነ በዝቷል። ከፍ ባለ አገር የምትነዳ ከሆነ ደግሞ አስብበት፤ በ2000 ሜትር አየሩ ከባህር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ለባህር ጠለል የተገጠመ ዋና ጄት እዚያ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ይበዛል።

ሁሉም ልክ መስሎህ መወዛወዙ ካልለቀቀ ስላይዱን በጣትህ ወዲህ ወዲያ ነቅንቀው። በቤቱ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ አልቋል፤ በዙሪያው የሚገባውን አየር የትኛውም ብሎን አያስተካክለውም።


ካሊብሮ፦

100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ የመዝጊያውን ሁለት ብሎኖችና የቱቦ ማሰሪያዎቹን አንዴ ንካቸው፤ አዲስ ጎማ ከተቀመጠ በኋላ ትንሽ ይላላል። ዘይቱንም እንደገና አሽትት፤ ከፍታው ካልጨመረ መርፌው ይዟል። የትርፍ መውረጃውን ቱቦ ጫፍ ለሦስት ሌሊት አፉ ጠባብ የሆነ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አስገብተህ አሳድር። አንዱን ሌሊት መዝጊያውን ክፍት አድርገው፣ ያኔ የሚፈተነው መርፌው ብቻ ይሆናል። ያን ሌሊት ግን ሞተሩ ደጅ ይደር።